ተረኛዋ እኔ ነበርኩ

ከኮሌጁ የመጣው ዝርዝር አሥራ አንድ ነገር ይጠይቃል። ሁለት ነጭ ጋውን። ደም የማያሳዩ፣ ጥቁር ወይም ድፍን ቀይ የሆኑ ሦስት የውስጥ ሹራቦች። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። በራስ ጥርስ ልክ የተሠራ የጥርስ መከላከያ። የቲታነስ ክትባት ማስረጃ። የጎድንና የመንጋጋ ራጅ፣ ከስድስት ወር ያልበለጠው፤ ይህ ኋላ የሚሰበረው ከድሮው ስብራት እንዲለይ ነው። ፀጉር ከአንድ ጣት እንዳይረዝም፤ ረጅም ፀጉር ለመጨበጥ ይመቻል። ጆሮ ላይ ምንም ዓይነት ጌጥ ክልክል ነው።

ሰዓዳ ይመር ዝርዝሩን ኮምቦልቻ ባለው ቤታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ያሟላችውን በእርሳስ እየሰረዘች ክረምቱን ጨረሰች። ነሐሴ ሲያልቅ ከአሥራ አንዱ አሥሩ ተሰርዘዋል። የቀረው ዘጠነኛው ነው።

ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፤ «አመልካቿ ከመመዝገቧ በፊት በሦስት የቅርብ ዘመዶቿ፣ በኮሌጁ ታዛቢ ፊት፣ በእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ በሙሉ እጅ ትመታለች። በሕይወት ያለ ወላጅ ከሦስቱ አንዱ መሆን አለበት።» ምክንያቱም ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ኮሌጁ እንደታዘበው፣ በዘመድ እጅ ሳይመቱ የገቡ ተማሪዎች ግማሾቹ ዓመቱ ሳያልቅ ጋውናቸውን ጥለው ጠፍተዋል። እቤታቸው የተመቱት ግን ጸንተው ቆመዋል።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ምርመራውንም፣ መርፌውንም፣ ቀዶ ጥገናውንም ማሽኖች ከያዙት ወዲህ ሐዘንተኛ የሚቆጣው ሰው አጣ። አጥቶም ዝም አላለም፣ ማሽኖቹን መስበር ጀመረ። ዘበኛ ቢቆም ዘበኛውም አንድ ቀን ሐዘንተኛ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ አዋጅ ወጣ። ሰው የሞተበት ቤተሰብ፣ ነፍስ ከወጣችበት ሰዓት አንስቶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ፣ ተረኛዋን ነርስ ሦስት ደቂቃ የመምታት መብት አለው። ዱላ፣ ድንጋይና ቀለበት አይፈቀድም። የወደቀች ነርስ አትረገጥም፤ እስክትነሳ ይጠበቃል፣ ሰዓቱም ይቆማል። ከአዋጁ ወዲህ አንድም ማሽን አልተሰበረም። ነርስነትም ሰው የሚቀጠርበት፣ ዲግሪ የሚሰጥበት ሙያ ሆኖ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዓዳ ነርስ ልሁን ያለችው የምትመታበት ቦታ አጥታ አይደለም። የፈለገችው ከመመታቱ በፊት ያለውን ነው። ነርስ ከሚሞት ሰው አጠገብ ትቀመጣለች፤ እጁን ትይዛለች፤ የሚለውን ትሰማለች፤ ያለውንም ትጽፋለች። እናቷ ዘሀራ ስትሞት ሰዓዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ልጅ አይገባም ተብላ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ቆማ ቀረች። አንዲት ሴት የእናትሽን እጅ ይዛ ነበር ብለው ነገሯት፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው የለም። ያቺን ሴት መሆን ትፈልጋለች። የመግቢያ ፈተናውን በሕይወት ዘመን መውሰድ የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው፤ እሷ አልፋለች። ምዝገባው ሰኞ፣ መስከረም አሥራ ስምንት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያን ቀን ዘጠነኛው ካልተሰረዘ ቦታዋ ለተከታይዋ ይሰጣል።

የአመልካቾች የመመታት ዝግጅት ይሰጥ የነበረው ከከተማው ዳር፣ በአንድ የተዘጋ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው። የሚያሰለጥኑት ሲስተር ጥሩወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት በተረኝነት የቆሙ ሴት ናቸው። አፍንጫቸው ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ቀይሯል። በግራ ጆሯቸው ስለማይሰሙ የሚያናግራቸው ሰው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይዞራል።

«አገጭ ወደ ታች» ይላሉ በተሰለፉት ልጃገረዶች ፊት እየተመላለሱ። «ምላስ ወደ ኋላ። ጉልበት ላላ። እጅ ከኋላ ተቆላልፎ። ዓይናችሁ ከሚመታው ሰው ዓይን እንዳይነሳ። ከተነሳ ንቃኛለች ይላል፤ የባሰ ይመታል። አይዞህ ማለት የለም። ፈገግታ የለም። ማልቀስ ካማራችሁ እቤታችሁ ሂዱና አልቅሱ።»

«ሲስተር፣ ቃሉስ?» አለች አንዷ።

«የሟችን ሙሉ ስም፣ ከዚያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ‹ተረኛዋ እኔ ነበርኩ›። ይቺን ቃል የምትውጥ ነርስ ለኔ ነርስ አይደለችም። ሐዘንተኛው የሚይዘው ሰው ካጣ ወደ ማሽኑ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ። የሰዓዳ ጥንድ ውድነሽ የምትባል፣ ከሐርቡ የመጣች ረጅም ልጅ ነበረች። ውድነሽ መጀመሪያ መታች። ሁለተኛው ቡጢ ሆዷ ላይ ሲያርፍ ሰዓዳ የበላችውን ምሳ ሲሚንቶው ላይ አወጣችው። ሲስተር ጥሩወርቅ ሰዓቱን አቁመው ጠበቁ። ሰዓዳ አፏን በክንዷ ጠርጋ ተነሳች፤ ሰዓቱ ቀጠለ። ጎኗን፣ ትከሻዋን፣ እንደገና ሆዷን። ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያልተመታ ሰው አያውቀውም።

ተራው ሲዞር ሰዓዳ መጀመሪያ ሳሳች። ሲስተር ጥሩወርቅ ከኋላዋ መጥተው፣ «እያዘንሽላት ነው? እንግዲያው ነገ ሐዘንተኛው የሚያዝንላት መስሏት ትሞታለች» አሏት። ሰዓዳ መታች። አንድ ጊዜ በጉልበቷ ሙሉ ስትሰነዝር ከጣቶቿ አንጓ ሥር አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ሲለቅ ተሰማት። የውድነሽ አፍንጫ ነው። ደሙ ጋውኗን እስከ ወገቧ አለበሰው። ውድነሽ ግን አልወደቀችም፤ ዓይኗንም ከሰዓዳ ዓይን አላነሳችም።

«እንዲህ ነው» አሉ ሲስተር ጥሩወርቅ፤ ስንት ተማሪ ያስመረቀች መምህር ደስታ በድምፃቸው ነበር።

ውድነሽ የጥርስ መከላከያዋን አውጥታ ደም ተፋችና ሳቀች። «አንቺ እኮ እጅሽ የግንበኛ ነው። ባልሽን አላህ ይሁነው።» ሰዓዳም ሳቀች። ያን ቀን ማታ እጇን ስትታጠብ ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላትና ውሃውን ዘጋችው።

ከዘመዶቿ የመጀመሪያው መቺ የአጎቷ ልጅ ኑርዬ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ግቢው ውስጥ፣ ጎረቤት ሁሉ በቆመበት መታት። ኮሌጁ የላከው ታዛቢ ደግነው የሚባል፣ ሥራው የሰለቸው የሚመስል ወጣት ነው። ሰዓዳን ከጋውኗ ሥር ሰደርያ ያለብሳታል፤ ሰደርያው የእያንዳንዱን ምት ክብደት ይመዘግባል። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ መዳሰስ፣ ግማሽ እጅ፣ ሙሉ እጅ።

«ሊጥ እያቦካህ ነው እንዴ?» አሉ አንዲት ጎረቤት። ሰው ሳቀ። ኑርዬ አፍሮ በረታ፤ የግራ ጎኗ ላይ አንድ አጥንት ሰነጠቀ። ሙሉ እጅ።

ሁለተኛዋ አክስቷ ለይላ ነበረች፣ የአባቷ ታናሽ እህት። ዘሀራ ከሞተች ጀምሮ እዚያው ግቢ ኖራ ሰዓዳን ያሳደገች እሷ ናት። ቀለበቷን አውልቃ ለጎረቤት ሰጠች፤ ቢስሚላህ አለች፤ ከዚያ እንደ ጉድ መታቻት። በየቡጢው «አፉ በይኝ፣ አፉ በይኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ክንዷ ግን አይላላም። ሲያበቃ የሰዓዳ ቀኝ ዓይን ተዘግቶ ነበር። ጥርሷ ተነቃንቆ ማኘክ ስላቃታት ለይላ አጥሚት አፍልታ በማንኪያ አጠጣቻት። ሙሉ እጅ።

አባቷ ይመር አሊ ሁለቱንም ቀን ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

ይመር የጭነት መኪና አጃቢ ነው። መኪናው ራሱን በራሱ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ይነዳል፤ ይመር ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው አደጋ ሲደርስ የሚከሰስ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰዓዳን ሲያሳድግ ቁጣ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ሲከፋው ጫማውን ይጠርጋል።

ተራው ደርሶ በታዛቢው ፊት ሲቆም እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና የልጁን ትከሻ ነካ። ደግነው ሰደርያውን አየና «መዳሰስ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ቀጠሮ በሳምንቱ ነበር። ይመር ያን ቀን ቡጢ ጨበጠ፤ ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ከዚያ ዞሮ የአጥሩን ቆርቆሮ እየደበደበ ሦስቱንም ደቂቃ ጨረሰ። ሁለት ጣቱ ተሰበረ።

«አቶ ይመር፣ ቆርቆሮው አይመዘገብም» አለው ደግነው። «የቀረዎት አንድ ዕድል ነው። ሰኞ ጠዋት።»

እሑድ ከምሳ በኋላ ሰዓዳ አባቷን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባ፣ ነገ የመጨረሻው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ደቂቃ ናት።»

«አንቺን ሳሳድግ አንድ ቀን እጄን አላነሳሁብሽም። ቁንጥጫ እንኳ። አሁን ከየት ብዬ ልጀምር?»

«ለኔ ብለህ።»

«የምኖረውስ ላንቺ ብዬ አይደል? ይሄን ግን ሰውነቴ እምቢ አለ። እጄ ካንቺ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ምን ላርገው?»

ሰዓዳ ብዙ ጊዜ ለምናዋለች። ያን ቀን ግን ልመናው ሲያልቅባት ሌላ ነገር ተናገረች። ልታስቆጣው ነበር፤ ትንሽ ደግሞ ከልቧ ነበር። «እናቴም ብቻዋን የሞተችው ለዚህ ነው። ላንተ መቼም ቀስ ነው፣ መቼም ዝም ነው።»

ይመር ጫማውን አየ። በመዳፉ አቧራውን ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ «ምሳ በልተሻል?» አላት።

ሰዓዳ ተነስታ ወጣች። ሲስተር ጥሩወርቅን ቤታቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው በኩል ዞራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«አባትሽ ያልወጣለት ሐዘን አለው?» አሉ።

«አለው። መብቱ አልፎበታል።»

«እንዴት አለፈበት?»

ሰዓዳ ነገረቻቸው። እናቷ ስትሞት አባቷ ጋላፊ፣ ድንበሩ ላይ፣ ከመኪናው ጋር ነበር። በወሎ ቅሬ የሚባለው እድር እንደሚያደርገው ሁሉ የሰፈሩ ቅሬም ቀብሩን አደራጀ፤ መርዶውንም ደበቀ። የቅሬው ዳኛ ራሳቸው ስልክ ደውለው «ዘሀራን ትንሽ አሟታል፤ ጭነትህን አራግፈህ ቀስ ብለህ ና» አሉት። ማግስቱን ጠዋት በሦስት ሰዓት ከተማ ሲገባ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ መንገድ ላይ ጠብቀው ዳኛው ቤት አስገቡት። ሃያ አራቱ ሰዓት ሊሞላ ገና ሁለት ሰዓት ከምናምን ቀርቶት ነበር። ግን ሰው ደክሞት፣ ባዶ ሆዱን፣ መርዶ አይረዳም። እግሩን አጠቡት፤ ምሳ አበሉት፤ ሆስፒታሉ አሁን አያስገባም ብለው አስተኙት። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ፣ እንደ ወጉ አረዱት። ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው መስኮት «መብትዎ ከአሥራ ስምንት ሰዓት በፊት አልፏል» የሚል ወረቀት አትሞ ሰጠው። ይመር ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ እሺ አለ፤ በሳምንቱ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሲያለቅስ ያየው የለም።

ሲስተር ጥሩወርቅ እግራቸውን ከውሃው አወጡ። «ስሚኝ። ልጁን እያየ ሰው እንዴት ይመታል? አንቺ ደግሞ ሰዓዳ ሆነሽ ነው ፊቱ የምትቆሚው። እኔን የመታኝ ሰው ሁሉ እኔን አያውቀኝም። ሰው የሚመታው ነርስን ነው።»

«እና ነርስ ሆኜ ልቁም?»

«እኔ አላልኩም» አሉ ሲስተር ጥሩወርቅ ፎጣውን እያነሱ። «አሥር ዓመት የተዘጋ በር ነው። ከውስጥ ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅ።»

ሰዓዳ ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ መስኮት ሄደች። አመልካች የቤተሰቧን ማኅደር የማየት መብት አላት። የእናቷ የመጨረሻ ሰዓታት አንድ ገጽ ብቻ ናቸው፤ ተረኛዋ በእጇ የጻፈችው ነው። በአራት ከአሥር፣ «ይመር ደረሰ?» በአራት ከአርባ፣ «ይመር ደረሰ?» በአምስት ከአምስት፣ «ይመር ደረሰ ወይ?» በአምስት ከሩብ፣ «ቸኩሎ እንዳይመጣ ንገሩልኝ፤ መንገዱ ገደል ነው።» በአምስት ከሃያ አረፈች።

ሰዓዳ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች። ሲወጣላት ገጹን ደግማ አነበበችው፤ አሁን ያነበበችው እንደ ተማሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይጠቅማሉ። አራተኛዋ አትጠቅምም፤ ታጽናናዋለች። አራተኛዋን ለራሷ አስቀረቻት።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሰዓዳ በራሳቸው ግቢ በር በኩል፣ ከውጭ ቆማ አንኳኳች። ሌሊቱን ያደረችው ውድነሽ ዘንድ ነው። ፀጉሯን ሙሉ በሙሉ አስላጭታዋለች። አዲሱን ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ የፊቷ እብጠት ከለይላ ቡጢ ወዲህ ገና አልጎደለም። ታዛቢው ደግነው ከጎኗ ቆሞ ያዛጋል።

ይመር በሩን ከፈተ። የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ነው። ሰዓዳ ገባ ብላ አጥሩን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች።

«አቶ ይመር አሊ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«ምንድነው ሰዓዳ? የት አደርሽ?»

«የወይዘሮ ዘሀራ መሐመድ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

አገጯን ዝቅ አደረገች፤ እጇን ከኋላዋ አቆላለፈች፤ ዓይኗን ዓይኑ ውስጥ ተከለች። ለይላ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማ ቀረች።

«ወይዘሮ ዘሀራ መሐመድ በአምስት ሰዓት ከሃያ አርፈዋል። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።»

«ተይ ልጄ» አለ ይመር በቀስታ።

«በአራት ከአሥር ይመር ደረሰ ብለው ጠየቁ። አልደረሰም አልናቸው።»

«ተይ አልኩሽ።»

«በአራት ከአርባ ይመር ደረሰ ብለው ጠየቁ። አልደረሰም አልናቸው።» ድምፅዋ እንደ ተማረችው ደረቅ ነው። «በአምስት ከአምስት ይመር ደረሰ ወይ አሉ። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ተዉ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።»

የመጀመሪያው ቡጢ መቼ እንደተነሳ አላየችም። አፏ ላይ አረፈ። የጥርስ መከላከያው ከነሁለት ጥርሷ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ጆሯ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓለም በግራ በኩል ዝም አለ። ይመር የተሰበሩትን ጣቶቹን ረስቷቸዋል። ለሃያ ዓመት ጋቢና ውስጥ ተጎልቶ የኖረ ሰው ያን ያህል ክንድ ከየት እንዳመጣ እንጃ። ደረቷን፣ አንገቷን፣ ኑርዬ የሰነጠቀውን ጎኗን። እየመታ አይናገርም። ከጉሮሮው የሚወጣው መኪና ሲጎተት የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው።

ወደቀች። ደግነው ሰዓቱን አቆመ። ይመር ቡጢውን እንደጨበጠ ቆሞ ያለከልካል። መሬት ላይ እያለች ሰዓዳ ላለመነሳት ማሰቧ አልቀረም፤ ግን ካልተነሳች ሰዓቱ አይሞላም፣ ካልሞላ ኮሌጅ የለም። ተነሳች። ሰዓቱ ቀጠለ። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ላይ ዳግም ወደቀች፤ በክርኗ ተደግፋ ዳግም ተነሳች። ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። ሲስተር ጥሩወርቅ እውነታቸውን ነው። የሚያየው እሷን አልነበረም።

«ሦስት ደቂቃ ሞላ» አለ ደግነው።

ይመር አልሰማም።

«አቶ ይመር፣ ሞልቷል።»

ታዛቢ መንካት አይፈቀድለትም፤ ደግነውም አልነካም። ቅንድቧ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉልበቷ ከዳት፤ ግን የግቢው አጥር ከኋላዋ ስለነበረ እንዳትወድቅ ያዛት። ቆማ ስለሆነ ይመር መምታቱን ቀጠለ። «አያ ይመር፣ ልጅህ ናት» እያለች ለይላ መሐላቸው ዘላ ገባች። አንዱ ቡጢ እሷንም አገኛት። ያን ጊዜ የይመር እጅ ወደቀ፤ እሱም እመሬቱ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ጮኸ። አሥር ዓመት ሙሉ ያልወጣው ለቅሶ ነው። «ዘሀራዬ» አለ፤ «ዘሀራዬ፣ ደረስኩልሽ» አለ። ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ በሩን ሞላ። አሮጌው የቅሬ ዳኛ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ነገሩን ሲያዩ ቃል ሳይተነፍሱ ከጎኑ ተቀመጡ። ሴቶቹ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አለቀሱ። ለይላም ከንፈሯ እንደደማ እነሱ መሐል ተቀመጠች። የዘሀራ ለቅሶ በዚያ ጠዋት ተጀመረ።

ደግነው ሰደርያውን ከሰዓዳ ላይ እያወለቀ ቁጥሩን አየ። «ሙሉ እጅ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ «ከሙሉ በላይ የሚባል ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለ።

ሰዓዳ አጥሩን ተደግፋ እንደምንም ቆማለች። በቀኝ ጆሯ ብቻ ለቅሶውን ትሰማለች። አልፋለች። ደስ እንዲላት ጠበቀች። አባቷ አጠገብ ሄዳ መቀመጥ፣ ትከሻውን መያዝ፣ ያስቀረችውን አራተኛዋን ቃል መንገር ፈለገች። አንድ እርምጃ ስትራመድ ቀና አለ።

ዓይኑ በእንባ አብጧል። ጋውኑን አየ፤ ደሙን አየ፤ የተላጨውን ራሷን አየ። ከምንጣፉ ተነስቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

«አፉ ይበሉኝ ሲስተር» አላት። «አደከምኩዎት። አጠገቧ ስለነበሩ አላህ ይስጥልኝ።»

ሰዓዳ አፏን ከፈተች። «አባ» ልትል ነበር፤ ያበጠው ከንፈሯ አልታዘዘላትም።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ቤቱ በር እየተገላመጠ። «ልጅ አለችኝ፣ ሰዓዳ የምትባል። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ውስጥ ተኝታለች። አሁን እንዳትሰማ። ቁርሷን ትብላ፤ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ። አደራዎን።»

ደግነው ሰዓቱን አየና አንድ ሰዓት ሊሆን መሆኑን፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ኮሌጁ እንደሚደርሱ በምልክት ነገራት።

ሰዓዳ ወደ አባቷ ዞረች።

«አልነግራትም» አለችው።